የኢሜይል ሰርቨር ዳታ በየትኛው ኢንኮዲንግ ይቀመጥ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ በፖስትፊክስ (መልእክት ተቀብሎ በሚያስተላልፍ ፕሮግራም) እና በዶቭኮት (ተጠቃሚው ሳጥኑን በሚያነብበት ፕሮግራም) የሚሠራ የኢሜይል ሰርቨር አለ። የተጠቃሚዎች፣ የዶሜይኖችና የተለዋጭ አድራሻዎች ሰንጠረዦች በማሪያዲቢ ዳታቤዝ ውስጥ በላቲን1፣ ማለትም የምዕራብ አውሮፓን ፊደላት ብቻ በሚይዝ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ)፣ ተፈጥረዋል። በአማርኛ ከገቡት ስሞች ከፊሎቹ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆነው ይታያሉ። ሰንጠረዡን የዩኒኮድን ፊደላት ሁሉ ወደሚይዘው ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለመቀየር ሲሞከር «ቁልፉ በጣም ረጅም ነው፤ ጣሪያው 767 ባይት ነው» የሚል ስህተት ይመጣል። ወደፊት መልእክቶቹም ወደ ዳታቤዙ እንዲገቡ ታስቧል። የትኛው ኢንኮዲንግ ይመረጥ?

ለሁሉም ዳታ አንድ ኢንኮዲንግ መምረጥ የለብዎትም፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለሁሉም አንድ ለመምረጥ ሲሞከር ነው። በኢሜይል ሰርቨር ውስጥ ሦስት ዓይነት ዳታ አለ፦ ጥሬው መልእክት፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ እና ማሽን የሚያመሳክረው መለያ። መልእክቱ ባይት ነውና ምንም ኢንኮዲንግ አይስጡት። ሰው የሚያነበውን፣ ማለትም የባለቤቱን ስም፣ የተፈታውን የመልእክት ርዕስ፣ ማስታወሻውን፣ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያስቀምጡ። አድራሻውንም በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያስቀምጡ፤ ኮሌሽኑ (ዳታቤዙ ጽሑፍን የሚያነጻጽርበትና የሚደረድርበት ደንብ) ግን «ቢን» ይሁን። ከመልእክቱ ልጀምር፤ እዚያ ላይ የተሠራ ስህተት ወደ ኋላ አይመለስምና።

አንድ ኢሜይል አንድ ኢንኮዲንግ የለውም። ማይም (MIME) የተባለው የኢሜይል አወቃቀር ደንብ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን እንዲይዝ ይፈቅዳል፦ ተራው ጽሑፍ በዊንዶውስ-1252፣ የኤችቲኤምኤል ክፍሉ በዩቲኤፍ-8፣ ተያይዞ የተላለፈው የቆየ መልእክት ደግሞ በአይኤስኦ-2022-ጄፒ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ለማስገባት ሲሞከር ዳታቤዙ ባይቶቹን በዓምዱ ኢንኮዲንግ ሊፈትሽ ይነሳል። ጥብቅ ሁነታ ሲበራ ስህተት 1366 ይሰጥና መልእክቱን አይቀበልም፤ ጥብቅ ሁነታ ሲጠፋ ደግሞ ይባስ ብሎ ማስጠንቀቂያ ብቻ መዝግቦ ጽሑፉን ሊቆርጥ ወይም ሊያበላሽ ይችላል። ፖስትግሬስ የተባለው ሌላው ዳታቤዝም ባለዜሮ ባይትንና ሕጋዊ ያልሆነ የዩቲኤፍ-8 ቅደም ተከተልን በጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ጨርሶ አይቀበልም።

«እንግዲያው ሁሉንም ቀድሜ ወደ ዩቲኤፍ-8 ልቀይረው» የሚለው መፍትሔም አያዋጣም። የዲኪም ፊርማ (መልእክቱ በመንገድ አለመቀየሩን የሚያረጋግጠው) የሚሰላው በመልእክቱ ባይቶች ላይ ስለሆነ አንድ ፊደል ወደ ሌላ ኢንኮዲንግ ሲዛወር ፊርማው ይፈርሳል፤ የኤስማይምና የፒጂፒ ፊርማም እንዲሁ። በራስጌው (በመልእክቱ የመግቢያ መስመሮች) ላይ የተጻፈው የኢንኮዲንግ ስምም ከይዘቱ ጋር ይጣላል። ዶቭኮት በሜይልዲር (እያንዳንዱ መልእክት በራሱ ፋይል በሚቀመጥበት አቀማመጥ) የፋይል ስም ላይ የመልእክቱን መጠን ስለሚጽፍ፣ ፋይሉ በባይት ሲረዝም ወይም ሲያጥር በሎጉ ላይ «የተመዘገበው መጠን ከእውነተኛው ጋር አልገጠመም» የሚል ስህተት ይደረደራል። ስለዚህ መልእክቱ በፋይል ከተቀመጠ እንደመጣ ይቀመጥ። ወደ ዳታቤዝ መግባቱ የግድ ከሆነ ዓምዱ በማይኤስኪውኤል (ማሪያዲቢ በወጣበት ዳታቤዝ) እና በማሪያዲቢ ሎንግብሎብ፣ በፖስትግሬስ ባይትኤ ይሁን። ተራ ብሎብ 65,535 ባይት ብቻ ይይዛል፤ ሚድየምብሎብ 16,777,215 ባይት ላይ ይቆማል፤ አንድ ትልቅ ዓባሪ ይህን ያልፋል። ከዓምዱ ጋር «ማክስ አላውድ ፓኬት» የተባለውን ቅንብርም ሰርቨሩ ከሚቀበለው ከፍተኛ የመልእክት መጠን በላይ ያድርጉት፤ ያለዚያ ትልልቆቹ መልእክቶች ብቻ እየተመረጡ ይወድቃሉ፤ መንስኤውም ከኢንኮዲንግ ጋር የተያያዘ ይመስልዎታል። የእኔ ምክር ግን መልእክቶቹን በሜይልዲር ወይም በዶቭኮት የራሱ አቀማመጥ ትተው በዳታቤዙ የተጠቃሚ መረጃ ብቻ መያዝ ነው።

ርዕሱንና የላኪውን ስም ለፍለጋ ወይም ለዝርዝር ማውጣት ከፈለጉ ጥሬውን ሳይነኩ የተፈታውን ቅጂ ለብቻው በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ዓምድ ያስቀምጡ። ራስጌ ላይ ያለ የላቲን ያልሆነ ጽሑፍ የሚጓዘው ተቆራርጦ ነው፤ አንዱ ቁራጭ («ኢንኮድድ ወርድ» የሚባለው) ከ75 ፊደል መብለጥ አይችልም። ከዚህ ላይ 12ቱን የኢንኮዲንጉ ስምና ምልክቶቹ ይወስዱታል። ባይቶችን በተራ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች በሚጽፈው በቤዝ64 ስልት ሲሆን የቀረው ቦታ 45 ባይት፣ ማለትም 15 የግዕዝ ፊደላት ይይዛል፤ በሌላኛው በኪው ስልት ግን እያንዳንዱ የእኛ ፊደል 9 ቦታ ስለሚበላ 7 ብቻ። ደንቡ አንድ ፊደል በሁለት ቁራጭ መካከል እንዳይከፈል ያዛል፤ ብዙ የላኪ ፕሮግራሞች ግን ይህን ይጥሳሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙና ተመሳሳይ ኢንኮዲንግ ያላቸውን ቁራጮች መጀመሪያ ባይታቸውን ያገጣጥሙ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ፊደል ይፍቱ። እያንዳንዱን ለብቻ ከፈቱ በየመጋጠሚያው አንድ የተበላሸ ፊደል ይቀራል።

የኢንኮዲንግ ስም ያልተጻፈበት ወይም በሐሰት የተጻፈበት ራስጌም ብዙ ነው። በመጀመሪያ በጥብቅ ዩቲኤፍ-8 ይሞክሩ፤ ካልሆነ በዊንዶውስ-1252 ይፍቱ። ይህ ቅደም ተከተል የሚሠራበት ምክንያት አለ፦ የሌላ ኢንኮዲንግ ጽሑፍ በአጋጣሚ ሕጋዊ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ መገኘቱ እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ዊንዶውስ-1252 ግን ማንኛውንም ባይት ለማለት ይቻላል ይቀበላል። ስለዚህ ቀድሞ ከተሞከረ ሁሌም «ተሳካ» ይልዎታል። «አይኤስኦ-8859-1» የሚል ምልክትንም እንደ ዊንዶውስ-1252 ይቁጠሩት፤ አሳሾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የተፈታውን ርዕስ ከዓምዱ ርዝመት ጋር ለማስማማት ሲቆርጡ በባይት ቆጥረው አይቁረጡ። በባይት መቁረጥ ግዴታ ከሆነ ከመቁረጫው በኋላ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል እስካለ ድረስ አንድ አንድ ባይት ወደ ኋላ ይመለሱ፤ በዚህ ክልል ያለ ባይት የፊደል መሐል ወይም መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለምና።

አሁን ወደ ሰንጠረዦቹ። በማይኤስኪውኤል ታሪክ «ዩቲኤፍ8» የተባለው ስም ለአንድ ፊደል ቢበዛ 3 ባይት ብቻ የሚፈቅደውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ3ን የሚያመለክት ነው። እውነተኛው ዩቲኤፍ-8 እስከ 4 ባይት ይሄዳል። ይህን የሚሸፍነው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 በ2010 በ5.5.3 ቅጂ መጣ፣ በ8.0 ደግሞ ነባሪ ሆነ። የአማርኛ ፊደላት 3 ባይት ስለሆኑ በኤምቢ3ም ይገባሉ፤ ብዙ ሰው «ሠርቷል» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። ኢሞጂ የያዘ ርዕስ ወይም የእረፍት ምላሽ ሲመጣ ግን ይወድቃል። ቦታ ይፈጃል የሚለው ስጋትም በቫርካር (ርዝመቱ በሚለዋወጥ የጽሑፍ) ዓምድ ላይ መሠረት የለውም፤ አስኪ (ተራው የእንግሊዝኛ) ፊደል በኤምቢ4ም 1 ባይት ነው፣ ኢሞጂና አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ፊደላት ብቻ 4 ይወስዳሉ። እንዲያውም ኤምቢ3ን የሚያስመርጥ አንድም ምክንያት አይታየኝም።

767 ባይት ያለው ስህተት ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ኢኖዲቢ የተባለው የዳታቤዙ ማከማቻ ሞተር ለኢንዴክስ (ለፍለጋ ማውጫ) የሚይዘው በከፍተኛው ርዝመት አስልቶ ነው። 255 ፊደል በ3 ሲባዛ 765 ይሆናል፣ ይገባል። በ4 ሲባዛ 1,020 ይሆናል፣ አይገባም። ዓምዱን ወደ 191 ማሳጠር በሰፊው የሚሰጥ ምክር ነው፤ 191 በ4 ሲባዛ 764 ነውና ስህተቱ ይጠፋል። ለአድራሻ ዓምድ ግን ትክክል አይደለም፤ የኢሜይል አድራሻ በደንቡ እስከ 254 ባይት ሊረዝም ይችላል፣ ከ«አት» ምልክቱ በፊት ያለው ብቻ እስከ 64። ትክክለኛው መፍትሔ የሰንጠረዡን የረድፍ አቀማመጥ ከ«ኮምፓክት» ወደ «ዳይናሚክ» መቀየር ነው፤ ጣሪያው ወደ 3,072 ባይት ከፍ ይላል። ማይኤስኪውኤል ከ5.7፣ ማሪያዲቢ ከ10.2 ጀምሮ አዲስ ሰንጠረዥን በዳይናሚክ ይፈጥራሉ። ከድሮ ቅጂ እያደገ የመጣ ሰንጠረዥ ግን የቀድሞ አቀማመጡን ይዞ ይቀራል፤ የእርስዎም ሳይሆን አይቀርም። በ«ሾው ቴብል ስታተስ» ያረጋግጡና በ«አልተር ቴብል» የረድፍ አቀማመጡን መጀመሪያ ለውጠው ኢንኮዲንጉን ቀጥለው ይለውጡ።

ኮሌሽን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ደኅንነትን የሚነካው እሱ ነው። «ሲአይ» በሚል የሚያልቅ ኮሌሽን ትልቅና ትንሽ ፊደልን አንድ አድርጎ ያያል፤ ለአድራሻ ይህ የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን «ጄኔራል ሲአይ»ም ሆነ «ዩኒኮድ ሲአይ» ምልክት የተደረገበትን የፈረንሳይኛ «ኢ» እና ተራውን «ኢ» አንድ ነው ይላሉ። ዓለም አቀፍ ፊደል ያለው አድራሻ በሚፈቀድበት ሰርቨር እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአንዱ የይለፍ ቃል ማደሻ ሲጠየቅ ዳታቤዙ የሌላውን ረድፍ ያወጣል፤ ፕሮግራሙ ማደሻውን ጠያቂው ወደጻፈው አድራሻ ከላከው የሰው ሳጥን ተወሰደ ማለት ነው። በእነዚሁ ሁለት ኮሌሽኖች ሁሉም ባለ 4 ባይት ፊደላት እርስ በርስ እኩል ሆነው ይቆጠራሉ፤ በልዩ ቁልፍ ዓምድ ውስጥ አንድ ኢሞጂ ካለ ሌላ ኢሞጂ «ተደግሟል» ተብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ ላይ ያለ ባዶ ቦታንም ችላ ይላሉ።

ስለዚህ አድራሻውን ከማስገባትዎ በፊት በፕሮግራሙ ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይሩ፣ ዩኒኮዱንም በኤንኤፍሲ (ተመሳሳይ ፊደል ሁሌም በአንድ ዓይነት ኮድ በሚጻፍበት) ቅርጽ አንድ ያድርጉ፣ ከዚያ ዓምዱን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቢን» ያድርጉት። ማነጻጸሪያው ያኔ ባይት ለባይት ስለሚሆን በመጨረሻ ላይ ካለ ባዶ ቦታ በቀር ድንገተኛ መመሳሰል አይኖርም። የሰው ስም ዓምድ ላይ ግን ለፍለጋ ስለሚመች «ሲአይ» ቢሆን ችግር የለውም፤ ማይኤስኪውኤል 8 ከሆነ «0900 ኤአይ ሲአይ» ከቀደሙት ይሻላል። ይህ ኮሌሽን በብዙ የማሪያዲቢ ቅጂዎች ስለማይታወቅ ከማይኤስኪውኤል 8 የወጣ ባክአፕ ወደ ማሪያዲቢ ሲመለስ ስህተት 1273 እንደሚሰጥ ይወቁ። በነገራችን ላይ የትኛውም ኮሌሽን «ሰ»ን እና «ሠ»ን ወይም «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን አንድ አያደርግም። ተጠቃሚዎች በሁለቱም አጻጻፍ ፈልገው እንዲያገኙ ከተፈለገ ፊደላቱን ወደ አንድ ያመጣ ተጨማሪ የፍለጋ ዓምድ መያዝ ነው። የኢኖዲቢ ሙሉ ጽሑፍ ኢንዴክስም ከ3 ፊደል በታች የሆነ ቃል በነባሪው አይመዘግብም፤ «ቤት» እና «ሰው» ፍለጋ ላይ የሚጠፉት ለዚህ ነው።

አድራሻው አስኪ ብቻ ከሆነ ለምን በአስኪ ወይም በላቲን1 አይተውም የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። መልሱ ያለው ከውጭ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ፖስትፊክስ ከ3.0 ጀምሮ ኤስኤምቲፒዩቲኤፍ8ን፣ ማለትም ላቲን ባልሆነ ፊደል የተጻፈ አድራሻን፣ ይደግፋል። አንድ የማይታወቅ ላኪ በሌላ ፊደል የተጻፈ ተቀባይ ስም ይዞ ሲመጣ ፖስትፊክስ ያንኑ ጽሑፍ ወደ ዳታቤዙ ይጠይቃል። ግንኙነቱ በኤምቢ4፣ ዓምዱ በላቲን1 ሲሆን ዳታቤዙ «ኮሌሽኖቹ አይጣጣሙም» የሚል ስህተት 1267 ሊመልስ ይችላል። ፖስትፊክስ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ በ550 መመለስ ሲገባው በ451 ጊዜያዊ የፍለጋ ስህተት ይመልሳል፤ ላኪውም ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል። አንዱ ሰንጠረዥ ተቀይሮ ሌላው ሳይቀየር ሲቀር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ የላቲን1ን ዓምድ በየረድፉ ስለሚቀይር በኢንዴክሱ ሳይጠቀም ሊዘገይ ይችላልና ሁሉንም ሰንጠረዦች በአንድ ጊዜ ይቀይሩ።

ለየት የሚለው የይለፍ ቃል ዓምድ ነው። የተመሰጠረው ቃል አስኪ ብቻ ስለሆነ «አስኪ ቢን» ከ255 ርዝመት ጋር ይበቃዋል፤ ከ«ሲአይ» ኮሌሽን በተለይ ይጠብቁት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል በምስጥሩ ውስጥ ትርጉም አላቸውና። ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን በአማርኛ እንዲጽፉ ከፈቀዱ ቢክሪፕት የተባለው የይለፍ ቃል ማመስጠሪያ ከ72 ባይት በላይ ያለውን እንደማያይ ያስታውሱ፤ ይህ 24 የግዕዝ ፊደል ነው።

ዶሜይንን በተመለከተ በሌላ ፊደል የተጻፈ ዶሜይን ሁለት መልክ አለው፦ ሰው የሚያየው የዩኒኮድ መልክና በዲኤንኤስ በአስኪ ብቻ ተጽፎ የሚጓዘው የፑኒኮድ መልክ። ፖስትፊክስ በሰንጠረዥ ሲፈልግ አንዱን ወደ ሌላው በራሱ አይቀይርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዶሜይን ካስተናገዱ ሁለቱንም መልኮች በሰንጠረዡ ያስገቡ፤ አንዱ ብቻ ካለ ከፊሉ ላኪ ይደርሳል፣ ከፊሉ ይመለሳል።

አሁን የእርስዎን ጉዳት እንመርምር። የጥያቄ ምልክትና የፊደል ድርድር በአንድ ዓምድ ውስጥ አብረው መገኘታቸው ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች በሁለት ዓይነት ግንኙነት እየጻፉ መሆኑን ይናገራል። አንደኛው ግንኙነቱ በዩቲኤፍ-8 መሆኑን በትክክል ተናግሯል፤ ዳታቤዙ «ሰላም»ን ወደ ላቲን1 መቀየር ስላልቻለ በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ አንድ፣ በድምሩ 3 የጥያቄ ምልክት ጽፏል። ሁለተኛው ግንኙነቱ ላቲን1 ነው ብሎ ዩቲኤፍ-8 ባይቶችን ልኳል፤ ዳታቤዙ 9ኙን ባይቶች እንደ 9 የላቲን ፊደላት አስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያው ጠፍቷል፤ ከቀድሞ ባክአፕ ወይም ከባለቤቱ ካልተገኘ አይመለስም። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ዓይንዎን አይመኑ፤ ማሳያው ራሱ ይቀይራልና። ባይቶችን በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር የሚያሳየውን «ሄክስ» የተባለውን ተግባር በዓምዱ ላይ ያስኪዱና ባይቶቹን ይዩ። ከአስኪ ውጭ ያለበትን ረድፍ ለመለየት ዓምዱ ወደ አስኪ ሲቀየር ከራሱ ጋር የማይመሳሰለውን ይምረጡ። ዋናዎቹ የግዕዝ ፊደላት ሁሉ በዩቲኤፍ-8 የሚጀምሩት በ225 ሲሆን ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ነው። «ሰላም» 225፣ 136፣ 176፣ 225፣ 136፣ 139፣ 225፣ 136፣ 157 ሆኖ ከታየ ባይቱ ጤነኛ ነው፣ ስያሜው ብቻ ተሳስቷል። በሄክስ «ኢ1» የሚለው ይኸው 225 ነው። በ195 እና በ161 ማለትም በ«ሲ3 ኤ1» የሚጀምር ከሆነ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ 3 ባይት የነበረው «ሰ» 6 ባይት፣ «ቀ» ደግሞ 8 ባይት ሆኖ ያገኙታል። 63 ማለትም «3ኤፍ» ተደጋግሞ ከታየ የጠፋው ነው። 233 የመሰለ ነጠላ ባይት በአስኪ ፊደላት መካከል ካለ ደግሞ በእርግጥም በላቲን1 በትክክል የተጻፈ የአውሮፓ ስም ነው፤ እሱን የተለመደው መቀየር ያስተካክለዋል።

በዚህ ሁኔታ ላይ «ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት» የሚለውን ትእዛዝ በቀጥታ ማስኬድ ትልቁ ስህተት ነው። ዳታቤዙ የተቀመጡትን 9 የላቲን ፊደላት በታማኝነት ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይራቸዋል፤ ውጤቱም ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ። ረድፎቹ ድብልቅ ስለሆኑ ዓምዱን በቦታው ከመቀየር አዲስ የዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ዓምድ መጨመር ይሻላል። ጤነኛ ባይት ላላቸው ረድፎች አሮጌውን ወደ ባይነሪ፣ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አዙረው ወደ አዲሱ ይሙሉ፤ ባይነሪው መሐል የሚገባው ዳታቤዙ ባይቶቹን ሳይተረጉም እንዲያሳልፋቸው ነው። እውነተኛ ላቲን1 ለሆኑት በተለመደው መቀየሪያ ይሙሉ። አስኪ ብቻ የሆኑት በየትኛውም መንገድ ያው ናቸው። የጥያቄ ምልክት የሆኑትን ባዶ ትተው ዝርዝራቸውን ለብቻ ያውጡ። ከዚያ አዲሱን ዓምድ በሄክስ አረጋግጠው ስሞቹን ይቀያይሩ። ዓምድን በ«ሞዲፋይ» ሲለውጡ ባዶ አለመሆኑን፣ ነባሪ እሴቱንና አስተያየቱን ደግመው ካልጻፉ እንደሚጠፉም ልብ ይበሉ።

ሁለት ጊዜ የተቀየረ ጽሑፍ ካገኙ መመለሻው የተገላቢጦሽ ነው፦ ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4። ይህን በዳታቤዙ ውስጥ ያድርጉት እንጂ ጽሑፉን አውጥተው በሌላ መሣሪያ አያስተካክሉ። የማይኤስኪውኤል «ላቲን1» በተግባር ዊንዶውስ-1252 ነው፤ በዚያ ኢንኮዲንግ ፊደል ያልተሰጣቸውን 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ባይቶች ግን ሳይጥል ያሳልፋል። ብዙ የውጭ መሣሪያዎች እነዚህ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ ወይም ይጥሏቸዋል። «ም» በ157 ያልቃል፤ «ፈ» እና «ፀ» በመሐላቸው 141 አለ። ስለዚህ አብዛኛው ስም ተስተካክሎ እነዚህ ፊደላት ያሉበት ብቻ ከተበላሸ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዓምዱ ቢስተካከልም ግንኙነቱ ካልተስተካከለ ነገ ያው ይደገማል። ፖስትፊክስ ከ3.9 ጀምሮ በማይኤስኪውኤል ፍለጋ ፋይሉ ውስጥ የኢንኮዲንግ መስመር ይቀበላል፣ ነባሪውም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ቅጂ የዳታቤዝ ላይብረሪውን ነባሪ ስለሚከተል በድሮዎቹ ላቲን1 ይሆናል። እዚያ «ኦፕሽን ፋይል» እና «ኦፕሽን ግሩፕ» በተባሉት መስመሮች ወደ ደንበኛ ቅንብር ፋይል ይጠቁሙትና በዚያ ፋይል ነባሪ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያድርጉ። ዶቭኮትም በግንኙነት መስመሩ ላይ እነዚሁን ሁለት አማራጮች ይቀበላል። የድር ማስተዳደሪያውና የጎን ስክሪፕቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው፤ ጥፋቱ ከመካከላቸው ካንዱ ነው የመጣው። ዶቭኮት ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በ2.3 በተጠቃሚ ስም ውስጥ የሚፈቀዱት ፊደላት ዝርዝር በነባሪው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክት ብቻ ነው። የሌላ ፊደል መግቢያ ስም ዳታቤዙ ሳይጠየቅ እዚያው ይመለሳል።

የአቃፊ ስሞች የዳታቤዝ ጉዳይ ባይሆኑም በዲስክ ላይ ሲያዩዋቸው አይደናገጡ። የቆየው አይማፕ (ፕሮግራሞች የኢሜይል ሳጥኑን የሚያነቡበት ፕሮቶኮል) ስሞችን በተሻሻለ ዩቲኤፍ-7 ስለሚያስተላልፍ በሜይልዲር ውስጥ የአማርኛ አቃፊ በ«እና» ምልክት የሚጀምር የላቲን ድርድር ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ያ የተበላሸ አይደለም። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ዶቭኮትን ወደ ዩቲኤፍ-8 የአቃፊ ስም ካዞሩ የነበሩት ማውጫዎች ስማቸው በአንድ ጊዜ ካልተቀየረ ተጠቃሚው አቃፊዎቹን በዚያ እንግዳ ስም ያያል፣ ፖስታዬ ጠፋ ብሎም ይመጣል። አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ አይንኩት።

ፖስትግሬስን ለሚያስቡ፦ ዳታቤዙን ሲፈጥሩ ከ«ቴምፕሌት0» በዩቲኤፍ8 ይፍጠሩት፤ በኋላ ለመቀየር አውጥቶ መመለስ ግድ ይላል። «ኤስኪውኤል አስኪ» የተባለው ምርጫ ምንም ስለማይፈትሽ ሁሉንም ኢንኮዲንግ ደባልቆ ያስቀምጣል፤ አይምረጡት። የአድራሻ ዓምድ ኮሌሽን «ሲ» ይሁን። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ በ2.28 ቅጂው የፊደል ቅደም ተከተሉን ሲለውጥ በስርዓተ ክወና ማሻሻያ ብቻ የጽሑፍ ኢንዴክሶች ተበላሽተው ያለን ረድፍ «የለም» ማለት ጀምረው ነበር፤ «ሲ» ከዚህ ነፃ ነው። የፖስትፊክስ የፖስትግሬስ ደንበኛ እስከ 3.8 ድረስ ግንኙነቱን በላቲን1 ይከፍት ስለነበር ከ3.8 በታች ባለ ቅጂ ዓለም አቀፍ አድራሻ ለማስተናገድ አይሞክሩ።

ሲጨርሱ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ይፍጠሩ፤ ስሙ «ሰላም»፣ አንድ ምልክት ያለበት የፈረንሳይኛ ፊደል እና አንድ ኢሞጂ ይያዝ። ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ፕሮግራም በየተራ ያስገቡትና በሄክስ ባይቶቹ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። አድራሻውን በ«ፖስትማፕ» የጥያቄ አማራጭና በ«ዶቭአድም» የተጠቃሚ ፍለጋ ይጠይቁ። ቀጥሎም የሌለ አድራሻ በአማርኛ ፊደል ጽፈው በ«ፖስትማፕ» ይጠይቁ፤ ባዶ መልስ እንጂ ስህተት መምጣት የለበትም። በመጨረሻም ባክአፑን። ከ8.0 በፊት የነበረው የ«ማይኤስኪውኤልደምፕ» ነባሪ ባለ 3 ባይቱ ዩቲኤፍ8 ስለሆነ ኢሞጂዎቹን ሲያወጣ የጥያቄ ምልክት ያደርጋቸዋል። በትእዛዙ ላይ ነባሪ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለው ይጻፉ፣ ብሎብ ዓምድ ካለ «ሄክስ ብሎብ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፣ ያንን ባክአፕ ወደ ባዶ ዳታቤዝ መልሰው የሙከራ ተጠቃሚውን ረድፍ እንደገና በሄክስ ይዩት።